«ራሳችሁ ሙሉና አምጡ»፦ የመንግሥት ሠራተኛ ምዘና ለምን አይመዝንም?

ሰኔ ሲጋመስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ ወረቀት መዞር ይጀምራል። የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ቅጽ ነው። እኔ ከአስር ዓመት በላይ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ቅጹን የሚያድለን ተላላኪው ነበር። ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና ይሄዳል። ከዚያ የቡድን መሪያችን በበሩ ብቅ ይልና አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፤ «ራሳችሁ ሙሉና አምጡ፣ እፈርማለሁ።»

እንሞላለን። ለራሱ ዝቅተኛ ነጥብ የሰጠ ሰው አላየሁም። መቶም ግን አይጻፍም፤ ያስነቃል። 94.5 ጥሩ ቁጥር ነው። 96.2ም ያስኬዳል። ከነጥቡ በኋላ ያለችው ቁጥር ትልቅ ሥራ አላት፤ ውጤቱን በደንብ የተሰላ ታስመስለዋለች።

ጠዋት ፈርሞ የሚጠፋው ባልደረባችን 93 ያገኛል። ሁሉም ከወጣ በኋላ ፋይል ስታገላብጥ የምታመሸው ልጅ 95 ታገኛለች። በመሥሪያ ቤቱ ዓይን የሁለቱ ሰዎች የስድስት ወር ልዩነት ይኼው ነው፤ ሁለት ነጥብ።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ምዘናው በዓመት ሁለቴ ነው፤ አንዱ የታኅሣሡን፣ ሌላው የሰኔውን ግማሽ ዓመት ይዘጋል። ወረቀቱ ይሞላል፣ ይፈረማል፣ ሰው ሀብት ይደርሳል፣ የግል ማኅደር ውስጥ ይገባል። ከዚያ የሚወጣው ክፍት የሥራ መደብ ሲለጠፍ ነው። «የቅርብ ጊዜ ሁለት ተከታታይ የሥራ አፈጻጸም ውጤት» የምትለዋን መስመር ከማስታወቂያ ላይ ያላነበበ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። በመሃሉ ባሉት ወራት ያን ወረቀት ከፍቶ ስለ ሥራው የሚያወራበት ሰው ግን አይገኝም።

ይህን ነገር አሁን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ ጉዳይ ሰሞነኛ ወሬ ሆኗል። በ2017 ዓ.ም. አዲስ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ወጥቷል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሥራ ጀምሯል። ደመወዝ ተሻሽሏል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሠራተኛና አመራር ለፈተና ተቀምጧል። በየስብሰባው «ብቃት»፣ «ውጤት»፣ «ነጻና ገለልተኛ ሲቪል ሰርቪስ» ይባላል። ጥሩ ነው። ግን ውጤት የሚባለው ነገር ዞሮ ዞሮ የሚጻፈው በዚያችው ቅጽ ላይ ነው። ቅጿ ደግሞ የምትሞላው እንዳልኳችሁ ነው።

ስሙ ሲቀየር

የምዘና ሥርዓት አጥተን አናውቅም። እንዲያውም በዝቶብናል።

በ1950ዎቹ የማዕከላዊ ፐርሶኔል ኤጀንሲ ሲቋቋም ሐሳቡ ቀላል ነበር። ቅጥርና ዕድገት በችሎታ ይሁን፣ የሥራ መደብ ይመደብ፣ ደመወዝ ስኬል ይኑረው። ከዚያ በፊት ሹመት የችሎታ ብቻ ሳይሆን የደጅ ጥናት ጉዳይም ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ዝም ብሎ አልመጣም። ሥልጣን እንደ ማዕድ ከታየ፣ ሹሙን በሥራው መመዘን ለማንም ትዝ አይለውም።

ከ1983 በኋላ ግምገማ መጣ። ከበረሃ ነው የመጣው፤ ለታጋይ የተሠራ ነገር ነው። አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሂስና ግለ ሂስ ይካሄዳል፣ አንዳንዴ ከጠዋት እስከ ማታ። ያኔ የነበሩ ሰዎች ሲያወሩ ከሥራው ይልቅ «የአመለካከት ችግር» የሚለው ቃል ነው ከአፋቸው የሚቀድመው። ግምገማ አንድ ጥሩ ጎን ነበረው፤ አለቃም ይገመገም ነበር። መጥፎ ጎኑ ደግሞ ከአዳራሹ የሚወጣ ሰው ስለ ሥራው የተማረው ነገር ትንሽ መሆኑ ነው። በደንብ የተማረው ማን እንደማይወደው ነው።

በ1988 ዓ.ም. የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም ተነደፈ። አምስት ንዑስ ፕሮግራሞች ነበሩት። የከፍተኛ አመራር፣ የወጪ ቁጥጥር፣ የሰው ኃይል፣ የአገልግሎት አሰጣጥና የሥነ ምግባር። ቀጥሎ ቢፒአር (የሥራ ሂደትን እንደገና መቅረጽ) መጣ። ከአሜሪካ ኩባንያዎች የመጣ ሐሳብ ነው፤ ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 ያስተዋወቀው። አሠራሩን ከሥሩ ንቀለውና ከባዶ ጀምር ይላል። በ2000 እና 2001 ዓ.ም. አካባቢ የነበረ ሠራተኛ ቢፒአርን የሚያስታውሰው በአንድ ቃል ነው፤ ድልድል። ማን የት ተመደበ፣ ማን መደብ አጥቶ «ተንሳፈፈ» ሲባል ይከረም ነበር።

ከዚያ ቢኤስሲ (ባላንስድ ስኮርካርድ) ተከተለ። በአማርኛ ውጤት ተኮር ሥርዓት ተባለ። ካፕላንና ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1992 ሲያቀርቡት ኩባንያዎች ገንዘብን ብቻ እያዩ እንዳይሳሳቱ ብለው ነው። በአራት ዕይታ ተመልከት ይላል፤ በገንዘብ፣ በደንበኛ፣ በውስጥ አሠራር፣ በመማርና ዕድገት። የመሥሪያ ቤቱ ግብ ወደ ዳይሬክቶሬት ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ቡድን፣ ከዚያ ወደ ግለሰብ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ሰንጠረዥ ሆነ። ግብ፣ መለኪያ፣ ክብደት፣ ዒላማ፣ ክንውን። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ «የፋይናንስ ዕይታ» ሥር ምን እንደምትጽፍ ግራ ገብቷት ስትጠይቀኝ «ወረቀት በቁጠባ መጠቀም» ብለሽ ጻፊ አልኳት። 10 ነጥብ ተሰጠው።

በመሃል ሌሎች የለውጥ ዘመቻዎችም ነበሩ፤ አንድ ለአምስት ነበር፣ የለውጥ ሠራዊት ነበር፣ ከጃፓን የመጣው ካይዘን ነበር፣ የዜጎች ቻርተር ነበር። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ጄኢጂ (የሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰን) መጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር ስላለ ትንሽ ልቁም። ጄኢጂ ሥራውን ነው የሚመዝነው፣ ሠራተኛውን አይደለም። መደቡ ምን ያህል ዕውቀት ይፈልጋል፣ ኃላፊነቱ ምን ያህል ነው ተብሎ ነጥብ ይሰጥና በ22 ደረጃዎች ውስጥ ይቀመጣል። ወንበሩ ላይ ማንም ይቀመጥ የወንበሩ ደረጃ ያው ነው። «በጄኢጂ ዝቅ አደረጉኝ» የሚል ሰው ብዙ ሰምቻለሁ። ዝቅ ያለው መደቡ ነው። በርግጥ ደመወዙን ለሚቆጥር ሰው ልዩነቱ ብዙም አያጽናናም።

ይህን ሁሉ ዘመን ያለፈ አንድ ጋሼ የምንለው ባልደረባ ነበረን። አዲስ ሥልጠና በመጣ ቁጥር ቦርሳውንና ማስታወሻ ደብተሩን ይቀበላል፣ አበሉን ይፈርማል፣ ተመልሶ ሲመጣ «ምን ተማራችሁ ጋሼ?» ስንለው «ስሙን» ይለናል።

95 የሚሰጠው አለቃ ሞኝ አይደለም

ብዙ ሰው ችግሩን የሚያየው ከሠራተኛው በኩል ነው። ሰነፍ ነው፣ ግዴለሽ ነው፣ «ነገ ተመለስ» ባይ ነው ይባላል። እኔ ችግሩ ብዕር የያዘው ሰው ጋ ነው እላለሁ። ለሁሉም 95 የሚሰጠው የቅርብ ኃላፊ ዓይኑ ያያል። ማን እንደሚሠራ ከማንም በላይ ያውቃል። ግን አስልቶ ነው 95 የሚሰጠው። ስሌቱን እስኪ አብረን እንየው።

መጀመሪያ ይሉኝታ አለ። አለቃና ሠራተኛ እኛ ሀገር ከቢሮ ውጭም ይገናኛሉ። በአንድ ሰርቪስ ይሄዳሉ። የሠራተኛው እናት ሲያርፉ አለቃው ለቅሶ ይደርሳል፤ ካልደረሰ ነውር ነው። የመሥሪያ ቤቱ ዕድር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እንዲህ ሆኖ ከርሞ ሰኔ ላይ 60 መስጠት ይከብዳል። «እንጀራው ላይ ልቁም?» ይላል አለቃው። ይህን ቃል ከመጥፎ አለቆች አይደለም የሰማሁት። ደግ ከሚባሉት ነው። ልጆች ያሉት፣ ኪራይ የከበደው ሰው ነጥብ አንሶት ዕድገት እንዲያመልጠው የሚፈልግ ማን አለ?

ሁለተኛው ስሌት ጣጣው ነው። 95 ሰጥቶ የተጠየቀ አለቃ የለም። 58 የሰጠ ግን ይጠየቃል። ሠራተኛው ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። ኮሚቴው አለቃውን ይጠራና «ማስረጃህ የታለ?» ይለዋል። ማስረጃ የለውም፤ ስድስት ወር ሙሉ አንድ መስመር አልጻፈም። እሺ ኮሚቴውን አለፈ እንበል። ላለፉት ሃያ ዓመታት የሠሩት አዋጆች በተከታታይ ሁለት የምዘና ጊዜ ከአጥጋቢ በታች ያገኘን ቋሚ ሠራተኛ ማሰናበት ይቻላል ይሉ ነበር። ይቻላል ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። ሠራተኛው ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ፍርድ ቤቱም ወረቀት ነው የሚያየው። ወረቀቱ ባዶ ከሆነ ሠራተኛው ከነውዝፍ ደመወዙ ይመለሳል። ተመልሶም የሚቀመጠው እዚያው አለቃው ፊት ለፊት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን አስቡት።

ይህ ጥበቃ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ያስፈልጋል። አለቃ በቂም ሰው የሚያባርርበት ሀገር ውስጥ ኖረናል። ዳኛው ማስረጃ መጠየቁ ልክ ነው። ልክ ያልሆነው ማስረጃ የመያዝ ልማድ አለመኖሩ ነው። የዲሲፕሊን ጉዳይ ላይ እኮ እናውቅበታለን። ንብረት ሲጠፋ ቃለ ጉባኤ አለ፣ ማስጠንቀቂያ አለ፣ ፊርማ አለ። ሥራ ሲጠፋ ግን ምንም አይጻፍም።

ሦስተኛው ስሌት ረቀቅ ይላል። የቡድኑ ዕቅድ «መቶ በመቶ ተከናውኗል» ተብሎ ሪፖርት ተደርጓል። ለዳይሬክተሩ፣ ከዳይሬክተሩ ለሚኒስትር ዴኤታው ወጥቷል። እንግዲህ ቡድኑ መቶ ካገኘ አባላቱ እንዴት 65 ያገኛሉ? አለቃው ለሠራተኛው እውነቱን ከሰጠ የራሱን ሪፖርት ውሸት ነው ማለቱ ነው። ስለዚህ የሠራተኛው 95 ከታች የመጣ ቁጥር አይደለም። ከላይ የወረደ ነው። እንደ ንጉሡ አጎንብሱ ነው ነገሩ።

አራተኛውን ለመግለጽ ቃል አያስፈልግም። አለቃው ሚያዝያ ላይ ነው የተመደበው። ሠራተኛውን የሚያውቀው ሁለት ወር ነው። የስድስት ወር ምዘና ሞልቶ ይፈርማል።

እንዲህ ያለው ነገር የእኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስለን አንድ ቁጥር ልጥቀስ። የአሜሪካ መንግሥት የተጠያቂነት መሥሪያ ቤት የፌዴራል ሠራተኞችን ውጤት አይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ከቋሚ ሠራተኞች ውስጥ 99 በመቶ ያህሉ «ሙሉ በሙሉ የተሳካለት» ወይም ከዚያ በላይ ነው የተባሉት። ከመቶ አንዱ ብቻ ነው ዝቅ ያለው። ያ ሁሉ ሲስተም፣ ያ ሁሉ ሥልጠና ያለው ሀገር ማለት ነው። አለቃ የትም አለቃ ነው፤ እውነት መናገር የሚያስከፍለው ከሆነ ይቆጥባል።

መስኮቱ ላይ የሚቆጠረው

የአለቃው አንድ ችግር ነው። ሌላው የምንቆጥረው ነገር ነው።

ሕጉ ራሱ የምዘናን ዓላማ ሲዘረዝር ሠራተኛው ሥራውን በሚጠበቀው መጠን፣ ጥራት፣ ጊዜና ወጪ እንዲሠራ ማድረግ ነው ይላል። አራት ነገር ነው የተጠቀሰው። ቅጹ ላይ ሲደርስ አንዱ ሌሎቹን ይውጣቸዋል፤ መጠን። ምክንያቱም ለመቁጠር ይቀላል።

የወረዳ መስኮት አስቡ። አንዲት እናት የልጃቸውን የልደት ምስክር ወረቀት ፈልገው መጡ። ሠራተኛው «ፎቶ ይጎድላል» ብሎ መለሳቸው። በማግስቱ ፎቶ ይዘው መጡ። «የመታወቂያ ኮፒስ?» ተባሉ። ኮፒ አድርገው ሲመለሱ «ሲስተም የለም» ሆነ። በአራተኛው ቀን ጨረሱ። የጎደለውን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ትንፋሽ የነገራቸው ሠራተኛ ቢኖር ሁለት ቀን ነበር የሚፈጅባቸው።

አሁን መስኮቱ ላይ የመጣውን ሁሉ «የተስተናገደ ተገልጋይ» ብሎ የሚመዘግብ ቢሮ ይሁን። የመጀመሪያው ሠራተኛ አራት ተገልጋይ አስተናግዷል። ሁለተኛው ሁለት። ሪፖርት ላይ የሚመሰገነው ሰው አስለቃሹ ነው።

ስብሰባም እንደዚሁ ነው። «12 የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረኮች ተካሂደዋል» የሚል ሪፖርት የማያውቅ ማን አለ? ግንዛቤው መጨበጡን የጠየቀ ግን የለም። የተሳታፊዎች ፊርማ ከተያያዘ ክንውኑ መቶ በመቶ ነው። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ መድረክ አዘጋጅቻለሁ። ከሰዓት በኋላው ክፍለ ጊዜ ላይ ከተሳታፊው ግማሹ አልነበረም። ፊርማው ላይ ግን ሁሉም ነበር።

ሰዓት ፊርማም ያው ነው። የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 አይበልጥም። ጠዋት 2:30 መግቢያ፣ ማታ 11:30 መውጫ። አሁን አሁን ብዙ ቦታ የጣት አሻራ ገብቷል። ጣቱ መግባቱን ያሳያል። ከዚያ በኋላ ጣቱ ኪቦርድ ላይ ይዋል ስልክ ላይ ይዋል ማሽኑ አያውቅም። በአንፃሩ መስክ ወጥቶ ሲለፋ የዋለ ባለሙያ «አልፈረምክም» ተብሎ ከሰው ሀብት ጋር ሲጨቃጨቅ አይቻለሁ።

የባህሪ ምዘና የሚባለውም አለ። ሠራተኛው ራሱን ይመዝናል፣ ባልደረቦቹ ይመዝኑታል፣ አለቃው ይመዝነዋል። ሐሳቡ አይከፋም። በተግባር ግን ሻይ ላይ ይደራደሩበታል። «ስጠኝ እሰጥሃለሁ» ነው። አንድ ሰው ከተጠላ ደግሞ ሁሉም ተነጋግሮ ይጥለዋል። ብዙ ጊዜ የሚጠላው ሰው ሰነፉ አይደለም። ሰነፍ ተጫዋች ነው፤ ይወደዳል። የሚጠላው ቃለ ጉባኤ ላይ «አልስማማም» ብሎ የሚጽፈው ነው።

ፈተናው ምን ነገረን?

በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር መዋቅሩን ባሻሻለባቸው መሥሪያ ቤቶች ያሉትን ሠራተኞችና አመራሮች ለፈተና አስቀመጠ። ፈተናውን ያዘጋጀው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከተፈተኑት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የማለፊያ ነጥብ አላገኙም። ወሬው ሲሰማ ሁለት ዓይነት ሰው ነበር። አንዱ «እንኳን! ድሮም እናውቃቸዋለን» አለ። ሌላው «ሃያ ዓመት ያገለገለን ሰው በወረቀት ፈተና?» ብሎ ተናደደ።

ሁለቱም የዘለሉት ጥያቄ አለ። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው የእነዚህ ሠራተኞች የግል ማኅደር ውስጥ ምን ዓይነት ውጤት እንደተቀመጠ ለመገመት አይቸገርም። ስለዚህ መንግሥት በአንድ እጁ ለዓመታት «ከፍተኛ» ሲል ቆይቶ በሌላ እጁ በአንድ ቀን «አላለፍክም» አለ። ሁለቱ ወረቀቶች ስለ አንድ ሰው ነው የሚያወሩት። ፈተናው ልክ ከሆነ የዓመታቱ ምዘና ቀልድ ነበር። ምዘናው ልክ ከነበረ ፈተናው ግፍ ነው።

እኔ ሁለቱም ጎዶሎ ናቸው ባይ ነኝ። ፈተና ዕውቀትን ይለካል። መመሪያ ማወቅና አለማወቅን በደንብ ይለያል፤ ለቅጥር ጊዜ ጥሩ ነው። ግን ጎበዝ ተፈታኝ መስኮት ላይ ሰው ሲያመናጭቅ አይታይም። ያን የሚያየው የቅርብ አለቃው ብቻ ነው። የቅርብ አለቃው ደግሞ አይቶ 95 ጽፏል። ፈተና ያስፈለገውም አለቃው ሥራውን ስላልሠራ ነው ማለት ይቻላል። ከተማው ሠራተኛውን ፈተነ እንጂ ያ ሁሉ ውጤት ሲሞላ የፈረመውን እጅ «ለምን?» አላለውም። አመራሮችም ተፈትነዋል፤ ልክ ነው። የተፈተኑት ግን በዕውቀታቸው ነው። በሰጡት ውጤት ሲጠየቅ የሰማሁት የለም።

ደመወዙ

ደመወዝ ሳይነሳ የመንግሥት ሠራተኛ ወሬ አይሞላም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ጀማሪ ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። አዲስ አበባ ላይ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ሰው 11,500 ምን ያህል እንደሚያስኬድ አንባቢ ያውቀዋል፤ አልዘረዝረውም።

ከምዘና ጋር የሚያገናኘው ነገር ግን አለ። ጭማሪው የመጣው በስኬል ነው። የሚሠራውም የማይሠራውም እኩል ተጨመረለት። ኑሮ ለሁሉም ስለተወደደ መሆኑ ይገባኛል፤ ሰነፍም ልጅ ያሳድጋል። አዋጆቹ በየሁለት ዓመቱ በአፈጻጸም ላይ ተመሥርቶ የሚሰጥ የእርከን ጭማሪም ያውቃሉ። ግን ሁሉም ሰው 95 ካለው እርከኑ በምን ይለያል? ምዘናው ልዩነት ካላሳየ ለሽልማትም ለቅጣትም መሠረት አይሆንም። ከምዘና ጋር የተያያዘ ክፍያ ይምጣ የሚሉ ሰዎች አሁን በርክተዋል። ባለው ቅጽ ላይ ገንዘብ ከተጫነበት የሚሆነው ግልጽ ነው። 95ቱ 99 ይሆናል። ያውም በጉቦ።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንዴ አለቃው ነጥቡን የሚሰጠው እንደ ደመወዝ ማካካሻ ነው። «ብር ልጨምርልህ አልችልም፣ ቢያንስ ነጥብ ውሰድ» ነው ነገሩ። ይህን በግልጽ የነገረኝ ዳይሬክተር አለ። ክፉ ሰው አልነበረም።

ሰማያዊው ደብተር

አንድ ጊዜ ለየት ያለ የቡድን መሪ ገጥሞን ያውቃል። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ነበረው። ለእያንዳንዳችን ጥቂት ገጽ መድቦልናል። አርብ ከሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ይጠራናል፤ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። «ይቺ ደብዳቤ ለምን ዘጠኝ ቀን ቆየች?» ይላል። ምክንያቱን ስትነግረው ይጽፋል። ምክንያቱ ከአንተ ካልሆነ ደግሞ ራሱ ሄዶ ያስጨርሳል። ጥሩ ከሠራህም ይጽፋል፤ ቀኑን ጭምር። «መጋቢት 4፣ የተገልጋዩን ቅሬታ በራሱ ተነሳሽነት ፈታ» የሚል ስለ እኔ የተጻፈ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ስለ እኔ ተጽፎ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ጠልተነው ነበር። «ሰላይ» ነበር የምንለው። አርብ ሲደርስ ሆዳችን ይላወሳል። ከሁለት ወር በኋላ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ለአርቡ ብለን ሐሙስ ማታ ጠረጴዛችንን ማጽዳት ጀመርን። ጠዋት ፈርሞ የሚጠፋው ልጅ ሳይቀር መዋል ጀመረ፤ ስለፈራ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ስጠይቀው «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበራ» አለኝ።

ደብተሩ ካይዘን አይደለም፣ ቢኤስሲ አይደለም። ሥልጠና አልተሰጠበትም። ቢበዛ የአንድ ደብተር ዋጋ ነው። ግን ከላይ የቆጠርኳቸውን ስሌቶች ይነካካቸዋል። ማስረጃ አለው፤ ስለዚህ ቅሬታ አይፈራም። ይሉኝታውን በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ ይጨርሰዋል እንጂ ለሰኔ አያጠራቅመውም። በመሃል ከተዛወረም ደብተሩን ለተተኪው መስጠት ይችላል። አንድ ነገር ብቻ መንካት አይችልም፤ ከላይ የሚወርደውን መቶ በመቶ።

እሱን መንካት ያለበት የበላዩ ነው። የቡድን መሪ ሲመዘን ሠራተኞቹ ስንት አገኙ ተብሎ ሳይሆን፣ በስድስት ወር ውስጥ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር ስንቴ ተቀመጠ፣ ምን ጻፈ፣ ምን ተስተካከለ ተብሎ ቢጠየቅ ቅጹ ራሱ ይለወጥ ነበር። ሰው ሀብትም የተሞሉ ቅጾችን ቆጥሮ ከመረከብ ይልቅ፣ ሃያ ሰው ውስጥ ሃያውም ከ93 እስከ 96 ያገኘበትን ቡድን መሪ ጠርቶ «ና እስኪ፣ ይህን አስረዳን» ቢል ሰበብ የሚያልቅበት ብዙ ነው። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። ያሉት በቂ ናቸው።

ሰኔ ደረሰ። የዚያን ዓመት ቅጹን ለራሳችን አልሰጠንም። ራሱ ሞልቶ እያንዳንዳችንን ጠርቶ አሳየን። ለእኔ 82 ሰጥቶኛል። በሥራ ዘመኔ ዝቅተኛው ውጤቴ ነው። ደነገጥኩ። ደብተሩን ከፍቶ አንድ በአንድ አሳየኝ። ሪፖርት ሦስት ጊዜ አዘግይቻለሁ፤ ቀኖቹ አሉ። አንድ ደብዳቤ ላይ የሰው ስም አሳስቻለሁ። የመጋቢት 4ቷም አለች። ልከራከር አፌን ከፍቼ ዝም አልኩ። ፈረምኩ።

በዚያው ክረምት አንድ ክፍት መደብ ተለጠፈ። ሁለት ደረጃ ከፍ የሚል ነው። ከሌላ ዳይሬክቶሬት የመጣ ተወዳዳሪ ነበር፤ በትምህርትም በልምድም እኩል ነን። የእሱ ሁለት ተከታታይ ውጤት 96.4 እና 97.1 ነበር። ኮሚቴው ደምሮ አካፈለና መደቡን ለእሱ ሰጠው። የእሱን ቅጽ ማን እንደሞላው የጠየቀ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት ባለ ሰማያዊ ደብተሩ ቡድን መሪም ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ታኅሣሥ ላይ ተላላኪው ቅጹን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። አዲሱ አለቃ በበሩ ብቅ አለ።